ያልፈረምኩበት ግሥ

ሲይዙኝ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የእንግሊዝኛ ግሦች እየጻፍኩ ነበር። ጊዜው ግንቦት ስልሳ አምስት ነው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙና አንደኛው "መምህር፣ ትፈለጋለህ" አለኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ። ከመቀመጫዎቹ ግማሽ ያህሉ ባዶ ስለነበሩ ስያዝ ያየኝ ብዙ ተማሪ አልነበረም። ከፊት የተቀመጠች ልጅ "ቲቸር፣ ሰሌዳውን ላጥፋው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ገልብጣችሁ ስትጨርሱ" አልኳትና ወጣሁ።

የወሰዱኝ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ወደነበረች ትንሽ ጣቢያ ነው። ዛሬ ጣቢያዋ የለችም። ፈርሳ፣ ቦታዋ ላይ ጎሚስታ ቤት ተከፍቶበታል። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የማሽላ ማከማቻ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ብቻ ነበረው። ቀን ቀን ቆርቆሮው እየጋለ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጣ ነበር። ማሽላው ከወጣ ቢቆይም ሽታው ወለሉ ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ለተራበ ሰው ከዚያ ሽታ የባሰ ቅጣት አላውቅም።

ከግድግዳው ወዲያ፣ በጣቢያው ጥላ ሥር፣ ሰዎች ተኝተው ነበር። መኪና ያነሳናል፣ የሚያይ ሰው ያየናል ብለው ከየመንደሩ ወደ መንገዱ የወጡ ናቸው። ሳላቸውን እሰማለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚያስለው ሰው ያንስ ነበር። ለምን እንደሚያንስ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቀድመውኝ ነበር። በዚያ አገር ደም የተቃባ የሚያስታርቁ፣ ሕዝቡ አበጋር የሚላቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ልጆቻቸው ዛሬም ይኖራሉ፤ ፈቃድ አልጠየቅኋቸውም። ጥፋታቸው ሰው አስከትለው አውራ ጎዳናው ላይ ተቀምጠው የአንድ ባለሥልጣን መኪና ማስቆማቸው ነው። "ውረድና እየን" ነው ያሉት። ሰውየው መስታወቱን ዘጋ። በማግስቱ እሳቸውን ወሰዷቸው።

"ኸየት ነው የያዙህ?" አሉኝ፣ ቁርበታቸውን ገፋ አድርገው ቦታ እየሰጡኝ።

"ከክፍል፣ አባቴ።"

"ምን አድርገህ?"

"ደብዳቤ ጽፌ።"

"ለማን?"

"ለፈረንጅ።"

"ፈረንጅ ምን ሊሆንህ?"

"ላገሬ ሰው ሦስቴ ጻፍኩ። የመለሰልኝ የለም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልገሠጹኝም።

ደብዳቤው እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ከክፍሌ ብዙ ልጆች ቀሩ። የቀረ ተማሪ ቤት ሄዶ መጠየቅ የመምህር ልማድ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ በየመንደሩ እዞር ነበር። የአንዳንዶቹ ቤት ተዘግቷል፤ ተሰደዋል። ዘጠኝ ቤት ግን መልሱ አንድ ሆነብኝ። የዘጠኙን ልጆች ስም፣ ከነአባታቸውና ከነመንደራቸው፣ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና በመንገዱ ለሚያልፍ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ሰጠሁ። ሐኪሙን ኬላ ላይ ሲፈትሹት ደብዳቤው ተገኘ። ደብዳቤው ውስጥ ፖለቲካ የለም። መንግሥት የሚል ቃል አልጻፍኩም። "እነዚህ ተማሪዎቼ በረሃብ ሞተዋል" ነው የሚለው።

በሦስተኛው ቀን የጣቢያው አዛዥ፣ አንድ መቶ አለቃ፣ አስጠራኝ። የሚጮህ ሰው አልነበረም። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ የዝውውር ደብዳቤውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ በእንግሊዝኛ በታይፕ የተመታ ወረቀት ነበር፤ አራት መስመር ብቻ። ከላይ የመጣ ነው አለኝ። ፈረንጆች ሊመጡ ነው፤ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ መልሱም በእንግሊዝኛ መሆን አለበት።

አነበብኩት። የራሴ ስም አለ፣ የደብዳቤው ቀን አለ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ግን አንድ የማላውቀው ቃል ተገተረብኝ፤ ሪትራክት። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ አንድ ዓመት መምህርነት የሠለጠንኩ ሰው ነኝ። ግሥ አስተምራለሁ እያልኩ ደመወዝ ስበላ ኖሬ፣ ስሜን ከሥሩ ሊያስፈርመኝ የመጣውን ግሥ አላውቀውም። አፈርኩ። እልህም ያዘኝ።

"ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?" አልኩት።

"ማስተካከል ማለት ነው። ትንሽ ማስተካከያ። ፈርምና ለምሳ ጎብዬ ቤትህ ትደርሳለህ። ባለቤትህ ወሯ ገብቷል አሉ።"

ገብቷል። የመጀመሪያ ልጃችን ነበር። ቤት ውስጥ ያለችው ከእናቷ ጋር ብቻዋን ናት፤ የምትበላውም የእኔ ደመወዝ ሲመጣ ነው።

"የማላውቀው ቃል ላይ አልፈርምም፣ ጌታዬ።"

"የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለህም እንዴ?"

"ስለሆንኩ ነዋ።"

ሳቀ። "እንዲያ ከሆነ መዝገበ ቃላት ይምጣልህ?" አለኝ፤ ማሾፉ ነበር። "ይምጣልኝ" አልኩት። ሳቁን ተወና በሩ ላይ ለቆመው ሃምሳ አለቃ ምልክት ሰጠ። "እስከ ነገ ጠዋት" አለኝ። "ነገ ካልፈረምክ ደሴ ወህኒ ቤት ነህ።"

ሃምሳ አለቃው መዝገበ ቃላቱን ሊያመጣ ትምህርት ቤት ደርሶ እስኪመለስ እስር ክፍላችን ውስጥ ሆኜ ቃሉን በራሴ ለመፍታት ሞከርኩ። ሪ ደግሞ፣ እንደገና ማለት ነው፤ ይህን አስተምሬዋለሁ። ትራክት ደግሞ ከትራክተር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያኔ በቆቦ ሜዳ የሰፋፊ እርሻ ትራክተሮች ገብተው ስለነበር ቃሉ በሰው ሁሉ አፍ ነው። "አባቴ፣ ደግሞ ማረስ ማለት ሳይሆን አይቀርም" አልኳቸው በልበ ሙሉነት።

አበጋሩ ቀና ብለው አዩኝ። "ያሰሩህ ደግመህ እንድታርስላቸው ነው?"

በዚያች ክፍል መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ።

መዝገበ ቃላቱ ቀትር ላይ መጣ። ሃምሳ አለቃው ከደቡብ ትግራይ የመጣ፣ አማርኛው ላይ የቤቱ ለዛ ያልለቀቀው ሰው ነበር። "እዋይ መምህር፣ ለአንዲት ቃል ይሄን ሁሉ ሸክም?" ብሎ በበሩ ሰጠኝ። እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል። ክፍተቱ ሥር ቆሜ አነበብኩ። የተናገሩትን ቃል መልሶ መውሰድ ይላል። ያልኩት እንዲያ አይደለም ማለት። ድመት ጥፍሯን ወደ ውስጥ ስትሰበስብም በዚሁ ግሥ ይነገራል።

"ድመቷ ትቆየን" አሉ አበጋሩ። "ፊተኛውን ድገመው።"

ደገምኩት።

"የተፉትን መላስ ነዋ" አሉ። "በእንግሊዝ አፍ ሲሆን ኮት ለብሶ መጣ እንጂ።"

ተቀመጥኩ። መቶ አለቃው ማስተካከል ነው ያለኝ ያውቅ ኖሮ ይሁን ሳያውቅ ዛሬም አልወሰንኩም። ወረቀቱ ግን የሚለው ግልጽ ሆነ። ልጆቹ አልሞቱም ብለህ ፈርም ነው።

መምህር ክፉ ልማድ አለው። ቃሉን በዓረፍተ ነገር ካላስገባው ያወቀው አይመስለውም። ከሰዓቱ ረጅም ነበር፤ የሚሠራም አልነበረም። ዓረፍተ ነገር እየሠራሁ፣ ግሡን ቃልን ማንሳት ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለአበጋሩ እነግራቸው ጀመር።

"ነጋዴው የገባውን ቃል አነሳ።"

"ይሆናል" አሉ። "ነጋዴ ነው።"

"ባልየው ሚስቱን ፈትቼሻለሁ ያለውን ቃል አነሳ።"

"አንዴ ይሆናል። ሁለቴም ይሆናል። በሦስተኛው በሩ ይዘጋል።"

"ምስክሩ የሰጠውን ምስክርነት አነሳ።"

በጣታቸው ይገፉት የነበረው መቁጠሪያቸው ቆመ። "የት ሆኖ?" አሉኝ።

"እንዴት የት ሆኖ?"

"የት ቆሞ ነው ያነሳው?"

"መጽሐፉ ቦታ አይጠቅስም፣ አባቴ።"

"እንግዲያ መጽሐፉ ጎደሎ ነው።"

ከዚያ ሥራቸውን ነገሩኝ። በደም ጉዳይ የመሰከረ ሰው ቃሉን ላንሳ ቢል ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን እቤቱ ተቀምጦ፣ ሰው ልኮ፣ አያነሳም። የመሰከረበት ዛፍ ሥር ይመጣል። የሰሙት ሰዎች ይጠራሉ። የመሰከረለት ሰው ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፤ ሰውየው ሞቶ እንደሆነ እናቱ፣ እናት ከሌለች እኅቱ ትቀመጣለች። ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያየ ይናገራል። በቃ፣ ደንቡ ይኸው ነው።

"በዚህ ሥራ ጠጉሬ ነጥቷል" አሉ። "እዚያ ዛፍ ሥር ድረስ መጥተው ቃላቸውን ያነሱ ሁለት ሰዎች አይቻለሁ። ሁለቱም ቀድሞ ዋሽተው የነበሩ ናቸው። እውነት የመሰከረ ሰው ግን፣ ወላሂ፣ ሲያስፈራሩትም ሲደልሉትም እሺ ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ እግሩ እምቢ ይለዋል።"

ወደኔ ዞረው ጠየቁኝ። "አንተ ለማን ነው የመሰከርከው?"

"ለዘጠኝ ልጆች።"

"ስማቸውን ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። በየስሙ "አላህ ይዘንለት" ወይም "ይዘንላት" ይላሉ። ከዘጠኙ አምስቱ ክርስቲያን ናቸው፤ አልለዩም። አምስተኛው ስም ላይ ስደርስ የአባቱን ስም አስደገሙኝ፤ ያውቁታል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፤ "የአንዱን እናት ፊት ለፊትህ አስቀምጠህ ልጅሽ አልሞተም ማለት ይሆንልሃል?"

"አይሆንልኝም።"

"እንግዲያ ግሡን ተምረኸዋል።"

ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን በፍርሃት ነው የጨረስኩት። ሽማግሌውን ጠላኋቸው። እሳቸው ባይጠይቁኝ ማስተካከል ነው የተባልኩትን አምኜ፣ መዝገበ ቃላት የሚባል ነገር ዓለም ላይ እንደሌለ ቆጥሬ መውጣት እችል ነበር። ሚስቴ ውሃ ስትቀዳ፣ ስትወድቅ፣ ማንም ሳያነሳት ታየኝ። ፍርሃቱ ግን ከዘጠኙ ስም አንዱንም አላስረሳኝም። እርግጡን ልንገራችሁ፣ ቢያስረሳኝ ደስ ባለኝ።

ጠዋት ወረቀቱ በቦታው ነበር። መቶ አለቃው ብዕሩን ከፍቶ ወደኔ ገፋው። "አጠናኸው?"

"አጠናሁት። ቃሌን አነሳለሁ፣ ግን በአገሩ ደንብ ነው የማነሳው።"

"የምን ደንብ?"

"በር ይከፈትልኝና ሰዉ ፊት ልቁም። ከዚህ ግድግዳ ሥር ካሉት ውስጥ ከዘጠኙ የአንዱ ተማሪዬ እናት አለች፤ ትናንት አበጋሩ በክፍተቱ ሲያነጋግሯት ድምፅዋን ለይቼዋለሁ። እሷ ፊት ለፊቴ ትቀመጥ። በአማርኛ ልጅሽ አልሞተም ልበላት። እርስዎም አጠገቤ ይቁሙልኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛው እፈርማለሁ።"

መሐረቡን አወጣ። ወደ በሩ ተመለከተ። በሩ ክፍት ስለነበር ከአጥሩ ወዲያ የተዘረጋ አንድ እግር ይታይ ነበር፤ ሴት ይሁን ወንድ አይለይም።

"አብደሃል" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ማስተካከያ ከሆነ ምን ያስፈራል?"

"ፈረንጆቹ በዚህ በኩል ነው የሚያልፉት። ሰዉን አንሱ ተብለናል፤ አንተ ሰብስብልኝ ትለኛለህ።" ላቡን ጠረገ። "ደሴ ትሄዳለህ፤ ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል።"

"ሚስትህ ብቻዋን ትወልዳለች።"

ብዕሩን አነሳሁ። ትከሻው ሲላላ አየሁ፤ ሊፈርም ነው ብሎ ነው። ፊርማ የሚቀመጥበትን መስመር አልፌ ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ፣ ሰሌዳ ላይ በምጽፍበት ባልተጣደፈ እጅ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አላነሳም ይላል። ግሡን በቦታው፣ አሉታውን በቦታው፣ መጨረሻው ላይ ነጥቡን አስቀመጥኩ። ከዚያ ዘጠኙን ስም ደገምኩ፤ ደብዳቤው ቢጠፋ እንኳ ይኸኛው ወረቀት የመንግሥት ነውና ይቀመጣል ብዬ።

አነበበው። አልመታኝም። "ይሄን ምን ላድርገው?" ሲለኝ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ ሰውየው ጨንቆታል።

"ይላኩት" አልኩት።

በዚያው ቀን በጭነት መኪና ደሴ ወሰዱኝ። ስወጣ አበጋሩ በሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። "መምህር" አሉኝ፣ "እግርህ ደህና ነው?" "ደህና ነው፣ አባቴ" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። በዚያው ክረምት ማረፋቸውን ሰማሁ።

ደሴ አሥራ አንድ ወር ቆየሁ። ልጄ ስትወለድ አልነበርኩም። የተፈታሁት በማግስቱ ዓመት አገሩ ሲናወጥ ነው፤ በር ከፍተው ሂዱ አሉን፣ ለምን እንዳሰሩን ያስረዳን የለም። ሚስቴ ልጅቷን አዝላ ጎብዬ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀችኝ። ከብዙ ዓመት በኋላም ስንጣላ "ለሙታን ብለህ ሕያዋንን ጥለህ ሄድክ" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። እኔም አልከራከራትም፤ ዳግመኛ ቢሆን ግን ያንኑ አደርጋለሁ፤ ይህንንም ታውቃለች።

በተፈታሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቆቦ ገበያ ቀን፣ ያቺ የተማሪዬ እናት አገኘችኝ። ፈጽማ ከስታ ስለነበር መጀመሪያ አልለየኋትም። ሰላምታ ሳታረዝም "የልጄ ስም ያ ወረቀት ላይ አለ አሉኝ" አለችኝ።

"አለ።"

"ፋቀው ሲሉህ እምቢ አልክ አሉ።"

"እምቢ አልኩ።"

"የሱ መቃብር አይታወቅም። መንገድ ዳር ከሌሎች ጋር ነው ያስገቡት፤ ድንጋይም የለው። ከነአባቱ ነው የጻፍከው?"

"ከነአባቱ።"

"የኔስ ስም?"

የተማሪ መዝገብ የእናት ስም አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ በየቤቱ ስዞር ደጅ ላይ ተቀምጣ ሞቱን የነገረችኝ ሁልጊዜ እናት ነበረች። አንዷንም ስምሽ ማን ነው አላልኳትም። "አልጻፍኩትም" አልኳት። ያን ቀን እንዳፈርኩ በእስር ቤት አፍሬ አላውቅም።

"እሱስ ይሁን" አለችና ስሟን ከነአባቷ ነገረችኝ።

ዛሬ ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል። ጡረተኛ ነኝ። ያ ወረቀት የት መዝገብ ቤት እንደበሰበሰ አላውቅም። አንድ ደብተር ግን አለኝ። በዚያው በስልሳ ስድስት ክረምት፣ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ዘጠኙን ቤቶች እንደገና አዳረስኩና ልጆቹን ከነእናታቸው ስም ጻፍኳቸው። ሰባቱ ሞልተዋል። በሁለቱ ቤት የሚጠየቅ ሰው አልተረፈም ነበር። የሁለቱን እናቶች ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ፤ መስመር አላሰመርኩበትም።